ባለ ሁለት ድንጋዩዋ

ደምበጫን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ መኪና ሁሉ መሀሏን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ ወደ ገጠሩ ለገባ ሰው ግን በ1970ዎቹ ሌሊቱ የምር ሌሊት ነበር። ቤት ውስጥ ኩራዝ፣ ሲደላ ፋኖስ። ደጅ ጨረቃ ከሌለች ጨለማና ጅብ።

አባቴ ታዲያ የእጅ ባትሪ ነበረችው። ባለ ሁለት ድንጋይ ናት። ቆርቆሮዋ በኒኬል የተለበጠ፣ ወገቧ እጅ እንዳያዳልጥ የተሸነተረ፣ አንገቷን ሲያዞሯት ብርሃኗ የሚጠብና የሚሰፋ። በመስከረም በቆሎው ሲያሸት ከአባቴ ጋር ማማ ላይ ታድራለች፤ ጃርቱና ከርከሮው የሚፈሩት ወንጭፉን ይሁን እሷን እንጃ። ላም ስታምጥ እሷ ትጠራለች፤ ለማኅሌት በውድቅት ሲወጣም እሷ ትቀድማለች። ጎረቤት «እባክህ ባትሪህን አውሰኝ» ብሎ ሲመጣ አባቴ እምቢ አይልም። ባትሪዋን ይሰጣል፣ ድንጋዮቹን ግን አውጥቶ ያስቀራል። ተዋሹ የራሱን ድንጋይ ይዞ ይምጣ!

እኛ ልጆቹ ደግሞ ጋቢ ውስጥ ገብተን መስታወቷን በመዳፋችን እንሸፍናለን። ጣቶቻችን ፍም መስለው ይቀላሉ፤ አጥንታችንን ያየን ይመስለናል። ከመደቡ ላይ «ድንጋዩን ጨረሳችሁት እኮ!» የሚል ድምፅ እስኪመጣ ድረስ ነው ታዲያ።

አባቴ ራሱ አብርቶ አይሄድም ነበር። ብልጭ ያደርግና ያጠፋል፣ ያየውን መንገድ በልቡ ይዞ ይራመዳል፣ እንደገና ብልጭ። ስስት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ ሳነብ፣ የዚህች ዓይነት ቱቦ ባትሪ ገና ስትፈጠርም አያያዟ እንዲሁ ኖሯል። ዴቪድ ሚሰል የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1899 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት አወጣባት። የዚያን ዘመን ድንጋይና አምፖል ደካማ ስለነበሩ አብርቶ መቆየት አይቻልም፤ ብልጭ አድርጎ ማጥፋት ብቻ። አባቴ ሚሰልን አያውቀውም፤ የድንጋይን ዋጋ ግን ያውቃል።

ድንጋይ ሲደክምስ? ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በጥርስ የሚነክሱትም ነበሩ። ፀሐይዋ ግን ድንጋዩን አትሞላውም። ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ኬሚካል ያነቃቃዋል፣ ዕረፍቱም ይጠቅመዋል፣ ለጥቂት ጊዜ ይፍጨረጨርና ያልቃል። ሞተ ተብሎም አይጣልም ነበር። ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ከቅጠል ጋር ተወቅጦ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ይቀባበት ነበር። ስንቶቻችን ነን በሞተ ድንጋይ በጠቆረ ሰሌዳ ላይ ሀሁ የቆጠርን!

አባቴ ካረፈ በኋላ ባትሪዋ እናቴ ሳጥን ውስጥ ከነድንጋዮቿ ተቀመጠች። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነው። የዚህ ድንጋይ ቆርቆሮ ዚንክ ነው፤ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ነዳጁም እሱ ራሱ ነው። ብርሃን በሰጠ ቁጥር ግድግዳው ይበላል። ሲሳሳ ይቀደድና አሲዳማው ፈሳሽ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ያገኘውን ብረት ሁሉ ይበላል። ባትሪዋን ሳወጣት ከታች ነጭና አረንጓዴ ነገር ወጥቶባት ነበር፤ የኋላ ክዳኗ አልዞር፣ ማብሪያዋ አልገፋ አለ።

ደምበጫ ከተማ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ አይወዱም። አገላብጠው አዩዋትና «አስከሬኑ ውስጥ ነው ያለው» አሉ። አንገቷን ፈቱ፣ በክዳኑ ጥርስ ዙሪያ ነጭ ጋዝ አንጠባጥበው አሳደሯት። በማግስቱ ክዳኑ እያንቋረረ ተፈታ። ድንጋዩ ግን አብጦ ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። ጋሼ ረጅም ብሎን በድንጋዩ ውስጥ ካለው የካርቦን ዘንግ ጎን እያሽከረከሩ አስገቡበት፣ በፒንሳ ጨበጡት፣ እኔ ባትሪዋን ያዝኩ። ቀስ ብለው ሳቡት፤ ጥቁሩ ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ።

ከዚያ በኋላ ጽዳት ነው። ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጠው የወጣውን አሲድ ገደሉት። በጥርስ ብሩሽ ፈተጉ፣ ፀሐይ ላይ አደረቁ። ከማብሪያው ሥር ያለችውን የነሐስ ልሳን በብርጭቆ ወረቀት አሹዋት፤ ጠቁራ የነበረችው ወርቅ መሰለች። የኋላው ሞላ ዝጎ ስለተሰባበረ ከወዳደቀ ሬዲዮ ሌላ አወጡ። ከአምፖሉ ጀርባ ያለውን የሚያብረቀርቅ ሳህን ላጸዳ ጨርቅ ሳነሣ ግን እጄን መቱኝ፤ «ተው! የተቀባው ይለቃል።» በእስትንፋሳቸው አቧራውን እፍ ብለው ተዉት።

አምፖሉ ላይ ተከራከርን። እሳቸው «ኤልኢዲ ልግጠምልህ፤ ብርሃኑ ይበልጣል፣ ድንጋይም አይበላም» አሉ። እውነታቸውን ነው። በቆሎ የሚጠብቅ ሰው ቢጠይቀኝ እኔም ኤልኢዲ ግዛ እለዋለሁ። የኔዋ ግን ማማ አትወጣም። ብጫው ብርሃን ነው የምፈልገው አልኳቸው። «ያው ድንጋዩን የምትገዛው አንተ ነህ» ብለው ከመሳቢያቸው ባለ 2.5 ቮልቱን አሮጌ አምፖል ፈልገው አመጡ። ሁለቱ ድንጋዮች ተደምረው 3 ቮልት ናቸው፤ ሲያበሩ ግን ጉልበታቸው ወረድ ስለሚል አምፖሉ ከዚያ አነስ ብሎ ይሠራል።

አዳዲስ ድንጋዮች ከተን ማብሪያዋን ገፋሁ። ምንም የለም። ጋሼ ቴስተራቸውን አነሡና የክዳኑን ጠርዝ ነኩ፤ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ላይ ዝገት ቀርቶ ኖሯል። በዚህች ባትሪ የቱቦው ቆርቆሮ ራሱ ሽቦ ነው፤ አንድ ቦታ ከቆሸሸ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው። ያቺን ጠርዝ በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረጓት፤ ባትሪዋ በራች። ሥራ የሚያስፈታ ብርሃን አይደለም፤ የስልኬ ይበልጣታል።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለች ባትሪ ተቀምጣ እንደሆነ፣ ይህን ወሬ እንደጨረሳችሁ ሂዱና ክዳኗን ክፈቱ። ድንጋዮቹን አውጡ፣ ባትሪዋን ባዶዋን አስቀምጧት። ያወጣችሁትንም ልጅና ከብት ከሚደርስበት አርቁት።