የአጣና ጥንካሬ ከየት መጣ?

በአያት አካባቢ ፎቅ በሚታነጽበት ሥፍራ የአጣና መወጣጫ ማየት የተለመደ ነው። ግንበኛው የሚረግጠው፣ መሐንዲሱም የሚተማመንበት ይህ እንጨት በአብዛኛው የሞቱ ሕዋሳት ክምችት መሆኑን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው።

የአጣና ታሪክ ከዋና ከተማይቱ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ በመመናመኑ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ጠፍ ከመሆን ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው፣ መገኛው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው ዳግመኛ ያቆጠቁጣልና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራራውን አለበሰው።

የዛፉ ፈጥኖ ማደግ ለሁሉም ግልጽ ነበር። በማናቸውም ዛፍ ግንድ ውስጥ ውሃ የሚያሳልፉት ቧንቧዎች የሞቱ ሕዋሳት መሆናቸውም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ሞቱን የሚያዘው ማን እንደሆነ ግን ለረጅም ዘመን አልተገለጸም። እ.ኤ.አ. በ1980 ጃፓናውያኑ ፉኩዳና ኮማሚኔ ከዚኒያ አበባ ቅጠል የለዩአቸውን ሕዋሳት ኦክሲንና ሳይቶካይኒን በተባሉ ሆርሞኖች በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ አኑረው ወደ ቧንቧነት እንዲለወጡ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ በሕዋሳቱ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ ራሱን መመርመር ተቻለ።

በ1999 ግሩቨርና ጆንስ በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት፣ ሕዋሱ ወፍራም ግድግዳውን እየገነባ ሳለ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኤንዛይም ወደ ውጭ እንደሚያፈስ አስረዱ። ኤንዛይሙ በውጭ ሲጠራቀም ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ቫኩዩል የሚባለው የፈሳሽ ከረጢት ይፈርሳል፤ የውስጡም አካል ይሟሟል። የኤንዛይሙ ሥራ በታገደ ጊዜ ሞቱም ቀረ። ቀጥሎም በ2004 ዛይሎጅን የተባለ፣ ጎረቤት ሕዋሳትን ወደ ቧንቧነት የሚጠራ ንጥረ ነገር፣ በ2006 ደግሞ ይህንኑ ለውጥ የሚያግድ 12 አሚኖ አሲዶች ያሉት አጭር ፔፕታይድ ተገኘ። ሁለቱም የሚሠሩት ከሕዋሱ ውጭ ሆነው ነው።

እንግዲህ ትእዛዙ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ግንባታ አስቀድሞ፣ ሞት ከዚያ በኋላ ነው። በለጋነቱ የተቆረጠ አጣና ግን አብዛኛው ክፍሉ የውጨኛው እርጥብ እንጨት ሲሆን፣ በውስጡ ገና ያልሞቱና ስታርች ያከማቹ ሕዋሳት ይገኛሉ። ይህም ለነቀዝ ቀለብ ነው። ስለዚህ አጣናን ልጦና አድርቆ ከመጠቀም በፊት ዕድሜውን መጠየቅ፣ የብረቱን ውፍረት ከመለካት ያላነሰ የመሐንዲስ ተግባር ነው።