የቀልሃ ሒሳብ

ጥይት አራት ነገር ነው፤ ቀልሃ፣ ባሩድ፣ እርሳስ፣ ቂጡ ላይ ደግሞ የምትቀመጥ ትንሽ አቀጣጣይ ቆብ። ሲተኮስ ባሩዱ ይነዳል፣ እርሳሱ ይሄዳል፣ ቆቧም ተመትታ ሥራዋን ትጨርሳለች። የሚተርፈው ቀልሃው ብቻ ነው። ከአራቱ ለመሥራት የሚያስቸግረውም፣ ዋጋው የሚከብደውም እሱ ነው። አዳኝ ይህን ቀልሃ ለቅሞ፣ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱ ቢሞላው ያተርፋል ወይ? በአሜሪካ ይህ ጥያቄ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲነሳ ሲወድቅ ኖሯል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «እንዴታ!» ነው። እኔም ትርፍ አልነበረም አልልም። የማይነገረው ከማን ኪስ እንደወጣ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1866 ነው። አሜሪካዊው ሃይረም በርዳንና እንግሊዛዊው መኮንን ኤድዋርድ ቦክሰር፣ አንዱ የሌላውን ሳይጠብቅ፣ ለዚያች አቀጣጣይ ቆብ ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች አወጡ። በበርዳን ዘዴ ቆቧ የምትመታበት ጉብታ ከቀልሃው ጋር አንድ ሆኖ ይሠራል፤ እሳቱም በጎንና በጎኑ ባሉ ደቃቅ ቀዳዳዎች ይገባል። በቦክሰር ዘዴ ጉብታው ቆቧ ውስጥ ነው፤ ቀልሃው መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው። ልዩነቱ ተራ ይመስላል። ያገለገለችውን ቆብ ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ግን ትልቅ ነው፤ የቦክሰሩን ቀልሃ ከውስጥ በቀጭን ዘንግ ገፋ ቢያደርጉት ቆቧ ዱብ ትላለች፣ የበርዳኑ ግን ይታገላል። ውሎ አድሮ የአሜሪካዊው ፈጠራ የአውሮፓ፣ የእንግሊዛዊው የአሜሪካ ሆኖ ቀረ። አሜሪካኖች ዛሬም ድረስ ጥይት በቤታቸው ለመሙላት የሚቀናቸው አንድም በዚህ የተነሳ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ቀልሃ ሞዪዎች የ1870ዎቹ የጎሽ አዳኞች ናቸው። ከዶጅ ሲቲ ተነስተው ወደ ደቡቡ ሜዳ የሚወርዱት አዳኞች በሠረገላቸው የሚጭኑት የተዘጋጀ ጥይት ብቻ አልነበረም፤ ባሩድ በበርሚል፣ እርሳስ በጥፍጥፍ ይጭናሉ። የሻርፕስ ጠመንጃ ፋብሪካም በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ከጠመንጃው ጋር ፎርማና መሙያ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ማታ ቆዳው ተወጥሮ ካለቀ በኋላ እሳቱ ዙሪያ ሌላ ሥራ ይጀመራል። እርሳሱ በመጥበሻ ይቀልጣል፣ በጭልፋ ፎርማው ውስጥ ይፈሳል። ፎርማው ገና ካልሞቀ የሚወጣው እርሳስ የተጨማደደ ነውና ተመልሶ ይቀለጣል። ቀልሃው ባሩዱ የተወውን ዝቃጭ ለማስለቀቅ በውሃ ይታጠባል፤ ካልታጠበ ያ ዝቃጭ የቀልሃውን ናስ ይበላዋል። ከዚያ ባሩዱ ተሰፍሮ ይገባል፣ በወረቀት የተጠቀለለው እርሳስ ከላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ ሕይወት የምናውቀው ብዙው ነገር ከአዳኞቹ ትዝታ የመጣ ነው፤ ትዝታው ደግሞ ዘግይቶ የተጻፈ ነው። የጆን ኩክ መጽሐፍ በ1907 ወጣ። የቢሊ ዲክሰን የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1914 ነው። ከሠላሳና አርባ ዓመት በኋላ አንድ ጥይት ስንት ሳንቲም እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ሲያጋጥመኝ እጠራጠራለሁ። ስለዚህ የሳንቲሙን ጭቅጭቅ ትቼ አንድ ነገር ብቻ እይዛለሁ፤ ሜዳው መሃል ሱቅ እንደልብ አልነበረም። ጥይቱ ያለቀበት አዳኝ ቀልሃውን ካልሞላ ቀናት ተጉዞ መመለስ ነበረበት። እንዲህ ላለ ሰው ቀልሃን በራስ እጅ መሙላት ቁጠባ ሳይሆን የሥራው ግማሽ ነው። ማታ ማታ የሚያልፈው ሰዓትም በደሞዝ አይሰላም፤ ቆዳው ሲሸጥ አብሮ የሚመጣ ነው።

በእኛም አገር በዚያው ዘመን ገደማ ጥይት ከተኩስ ያለፈ ዋጋ ነበረው። የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ «ውጅግራ» ተብሎ ሲገባ ጥይቱ በገበያው ላይ ከአሞሌ ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ገንዘብ የሆነ ጥይት ደግሞ ቆጥበው እንጂ በዋዛ አይተኩሱትም።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በ1884 ጆን ባርሎው የሚባል ሰው በኮነቲከት፣ ኒው ሄቨን አይዲያል የተባለውን ፋብሪካ አቋቋመ። የሚሸጠው ፒንሳ የመሰለ፣ በአንድ እጅ የሚጨበጥ መሣሪያ ነበር፤ ቆቧን ያስወጣል፣ አዲሷን ያስገባል፣ እርሳሱንም ገፍቶ ያስቀምጣል። ከመሣሪያው ጋር መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ። በእኔ ግምት ከፒንሳው ይልቅ ሥራ የሠራው መጽሐፉ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ በአፍ ይተላለፍ የነበረው ሙያ የተለካ ቁጥር ሆነ። ፋብሪካው በኋላ ወደ ማርሊን ጠመንጃ ፋብሪካ፣ በ1925 ደግሞ ወደ ላይማን ኩባንያ እጅ ገባ።

ይሁንና ባርሎው ሥራውን በጀመረበት በዚያው 1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጢስ አልባ ባሩድ ሠርቶ ነበር። ይህ ዓይነቱ ባሩድ ከአሥር ዓመት በኋላ አሜሪካዊ አዳኝ እጅ ሲገባ የቀልሃው ሒሳብ ሳይታሰብ ተበላሸ። የዘመኑ አቀጣጣይ ቆብ ሜርኩሪ ነበረበት። በጥቁሩ ባሩድ ጊዜ ጥቀርሻው ብዙ ስለሆነ ሜርኩሪውን ይዞ ይቀር ነበር። ጢስ አልባው ግን ንጹሕ ስለሆነ ሜርኩሪውን የሚይዝ ነገር አልተገኘም፤ ከናሱ ጋር ተዋሐደና ናሱን እንደ ደረቅ ቅርፊት ተሰባሪ አደረገው። ለዓይን ምንም አይታይም። አዳኙ ያንኑ የሚያብረቀርቅ ቀልሃ ሞልቶ ይተኩሳል፤ ቀልሃው ይሰነጠቃል፣ ትኩስ ጋዙም ወደ ኋላ ወደ ፊቱ ሊመጣ ይችላል። ቀልሃ ከማንኛውም ነገር በላይ ዋጋ አለው ተብሎ በተሠራ ሒሳብ ውስጥ ቀልሃው ራሱ ሲከዳ ምን ይቀራል? ሜርኩሪ የሌለባቸው ቆቦች በአዳኙ ገበያ እስኪለመዱ ድረስ፣ ፋብሪካ የሞላውን ገዝቶ መተኮስ የሰነፍ ሳይሆን የጥንቁቅ ሰው ምርጫ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሙያውን ዳግም ያስነሳው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካው ሁሉ ለሠራዊቱ ስለዞረ አዳኝ የሚገዛው አጣ። በ1943 በካሊፎርኒያ፣ ኦሮቪል ፍሬድ ሀንቲንግተን በአባቱ የልብስ ንጽሕና ቤት ጓዳ ውስጥ አንድ መጫኛ መሣሪያ ሠራ። የተተኮሰችውን የ.22 ትንሽ ቀልሃ ወስዶ፣ ጠርዟን ደፍጥጦ፣ እርሳስ ሞልቶ በመጫን ለሌላ ጠመንጃ የእርሳሱ ሽፋን ያደርጋታል። ሌላው ጥሎት የሄደው ናስ ለእሱ ጥሬ ዕቃ ሆነ። መሣሪያውን «ሮክ ቸክ» በምትባል የድንጋይ ሥር አይጥ መሰል እንስሳ ስም ሰየመው፤ አርሲቢኤስ የሚለው የዛሬው የድርጅቱ ስም የዚያ ምኅጻር ነው። በአይዳሆ ቨርነን ስፒር፣ በኔብራስካ ጆይስ ሆርናዲ በተመሳሳይ መንገድ ተነሱ።

እነዚህ ሰዎች ዕቃውን አመጡ። ባሩዱን ያመጣው ግን በካንሳስ የጋዝ ኩባንያ ሻጭ የነበረው ብሩስ ሆጅደን ነው። ጦርነቱ እንዳበቃ መንግሥት 4895 የተባለ የጠመንጃ ባሩድ በገፍ ተርፎት ነበር። ሆጅደን በሕይወት መድኑ ላይ ተበድሮ 50,000 ፓውንድ ገዛ። የሚያስቀምጥበት መጋዘን ስለሌለው አሮጌ የባቡር ፉርጎ አስመጥቶ በተከራየው የግጦሽ መሬት ላይ አቆመ። በአሜሪካን ራይፍልማን መጽሔት ላይ ጣት የምታህል ማስታወቂያ አወጣ፤ 150 ፓውንድ በ30 ዶላር። ትእዛዙ ሲመጣ ልጆቹ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይዘው ወደ ባቡር ጣቢያ ያደርሱ ነበር።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ማስላት ይገባል። 150 ፓውንድ በ30 ዶላር ማለት ፓውንዱ በ20 ሳንቲም ነው። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፤ ለአንድ የ.30-06 ጥይት በግርድፉ 50 ግሬን ብንይዝ ከአንድ ፓውንድ 140 ጥይት ይሞላል። የባሩዱ ዋጋ ለአንድ ተኩስ ከአንድ ሳንቲም ሰባተኛ እጅ አካባቢ ሆነ ማለት ነው። ያ ፉርጎ ሙሉ ባሩድ በዚሁ ስሌት ለሰባት ሚሊዮን ተኩስ ይበቃል። አንድ ትውልድ «ራስህ ከሞላህ በርካሽ ትተኩሳለህ» እያለ ያደገው በዚህ ዋጋ ላይ ነው። ርካሽነቱ ግን ከአዳኙ ጥበብ አልመጣም። ባሩዱን ለጦርነት ያሠራው ግብር ከፋዩ ነበር፤ ጦርነቱ አበቃና የተረፈው በቁርጥራጭ ዋጋ ተሸጠ። ያኔ ማታ ማታ ጋራዥ ውስጥ ሚዛኑ ላይ ጎንበስ የሚለው ሰው፣ ሳያውቀው፣ መንግሥት በከፈለለት ባሩድ ይቆጥብ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ከጦርነቱ በተረፈው ባሩድ የተገኘው ርካሽነት ብቻ አይደለም። ሆጅደን ኋላ ላይ 4831 የተባለ፣ ለ20 ሚሊሜትር መድፍ የተሠራ፣ በዝግታ የሚነድ ባሩድም አመጣ። ለአዳኝ ጠመንጃ የሚሆን መጠን ማንም አልለካለትምና አዳኞች ራሳቸው በጥንቃቄ ከታች እየጀመሩ ለኩት። በ1925 የወጣው .270 ዊንቸስተር የተባለ ጥይት ከዚህ ባሩድ ጋር ፋብሪካ ያላሰበውን ብቃት አሳየ። ይህ ግን የኪስ ጉዳይ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ በምንም ዋጋ የማይገኝ ነገር ነው።

የተረፈው ባሩድ ዘለዓለም አልቆየም። በ1960ዎቹ ሆጅደን የ4895ን አምሳያ አዲስ አሠርቶ መሸጥ ጀመረ፤ የሚሠራው ስኮትላንድ ነበር። በባሕር ተጭኖ መጣ፣ በስሙ ፊት አንድ ኤች ተጨመረለት። ዋጋውም የአዲስ ዕቃ ዋጋ ሆነ፤ የ150 ፓውንዱ ግዢ ቀርቶ አዳኙ ከሱቅ መደርደሪያ የሚያነሳው የ1 ፓውንድ ቆርቆሮ ሆነ።