የቅርቡ ጎተራ፤ የመረጃ መሸጎጫ ታሪክ በአገራችን

ከሩቅ የሚመጣ ነገር ሁሉ በቅርብ ማረፊያ ያስፈልገዋል። በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በአብነት ሠፈር የሚኖር አባወራ ጤፉ ባለቀ ቁጥር ጎጃም አይወርድም። እህሉ አስቀድሞ በብዛት ተጭኖ መጥቶ መርካቶ እህል በረንዳ ይራገፋል፤ የሠፈሩ ነጋዴ ከዚያ በኩንታል ያነሣል፤ ሸማቹም ከደጁ በኪሎ ይገዛል። ረጅሙ ጉዞ አንድ ጊዜ ይደረጋል፤ አጭሩ ግን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የኮምፒዩተር አውታረ መረብ ባለሙያዎች «መሸጎጫ» ብለው የሚጠሩት ዘዴ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። አንድ ሰው ከባሕር ማዶ ያስመጣውን ጽሑፍ ወይም ሥዕል ማሽኑ ግልባጩን በቅርብ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛው ሰው ያንኑ ሲጠይቅ ከቅርቡ ያቀርብለታል።

ይህ የአማርኛ ስያሜ ከባዕዱ ቃል ጋር በትርጉም ይስማማል። «ካሽ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከፈረንሳይኛው የመደበቅ ግሥ የተወረሰ ሲሆን፣ በኮምፒዩተር ሙያ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1968 አይ ቢ ኤም ሲስተም 360 ሞዴል 85 የተባለውን ማሽን ካስተዋወቀ ወዲህ ነው። የተሸጎጠ ነገር ሁለት ጥያቄ ያስነሣል፤ አንደኛው ሳይሻግት ምን ያህል ይቆያል የሚል፣ ሁለተኛው ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚል ነው። የመጀመሪያውን ሙያው ራሱ መልሶታል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፍ በመሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ የዘዴውን ታሪክ እየተከተለ በተለይ ወደ እርሱ ያመራል።

ምንጭና ግልባጭ

አብነት ማለት የሚቀዳበት፣ የሚመሰልበት መነሻ ማለት ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ «የአብነት ትምህርት ቤት» መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው። የቅዱስ ያሬድ ድጓ በየደብሩ ይዜማል፤ ደቀ መዝሙሩም በአቅራቢያው ካለ መምህር ይማራል። ይሁን እንጂ ዜማው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንዳይፋለስ፣ የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ሰው ጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር ይኖርበታል። የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ደግሞ ዙር አባ ነው።

እንግዲህ ግልባጩ በየስፍራው ተበትኖ ሳለ ምንጩ በአንድ ቦታ ይጠበቃል፤ ግልባጩም ከምንጩ ጋር ይመሳከራል። መሸጎጫን የሚያስተዳድር ባለሙያም ዕለት ተዕለት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ግልባጩን የት እንደሚያስቀምጥና ከምንጩ ጋር መቼ እንደሚያመሳክር ይወስናል።

በራሪው ፖስታ ቤት

ልደታ ለሩቅ መልእክት እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የመዲናይቱ አውሮፕላን ማረፊያ በዚሁ በልደታ ነበር። ከግማሽ ምእት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ በጥቁር አንበሳ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሄልዝኔት የተባለው የሐኪሞች መልእክት መረብ ሥራ ጀመረ። መረቡን ያደራጀው ዝነኛው የልብ ሐኪም በርናርድ ላውን የመሠረቱት ሳተላይፍ የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ አነስተኛይቱ ሳተላይት በ800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እየዞረች በጣቢያው አናት ስታልፍ ደብዳቤውን ተቀብላ በማኅደሯ ትይዛለች፤ በሌላ አገር ጣቢያ ላይ ስትደርስም ታራግፈዋለች። በዚህ አኳኋን ሳተላይቷ እንደ በራሪ ፖስታ ቤት ታገለግል ነበር።

በ1972 ዓ.ም. በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የተቋቋመው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ማዕከልም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በፊዶኔት ዘዴ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያስተላልፍ ነበር። መልእክቶች አዲስ አበባ ላይ ተጠራቅመው ይቆያሉ፤ ለንደን ከሚገኘው ግሪንኔት ጋር የስልክ መስመር በተከፈተ ጊዜ በአንድነት ይላካሉ፤ የመጡትም ይረከባሉ። የዓለም አቀፍ ስልክ ዋጋ ውድ በሆነበት በዚያ ዘመን አጠራቅሞ መላክ አማራጭ የሌለው ብልሃት ነበር። የአገራችን የመረብ ታሪክ የተጀመረው እንግዲህ በማስቀመጥ ነው፤ ያለ ማቋረጥ መገናኘት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በሴኮንድ 32 ኪሎ ባይት

«ባይት» በሚል ምኅፃር የታወቀው የባለሙያዎች ስብስብ ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ እንዲገባ በ1980ዎቹ መጨረሻ ብዙ ጥሯል። በጥር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲከፍት፣ አገሪቱ ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኝበት የሳተላይት መስመር አቅም በሴኮንድ 256 ኪሎ ቢት ነበር። ይህም 32 ኪሎ ባይት ማለት ነው። መስመሩ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ቢሠራ እንኳ በቀን ሊያስገባ የሚችለው ከ2.8 ጊጋ ባይት አይበልጥም። 4.7 ጊጋ ባይት የሚይዝ አንድ የዲቪዲ ሸክላ ሞልቶ ለማምጣት የመላው አገሪቱ መስመር አንድ ቀን ሙሉ አይበቃውም ነበር ማለት ነው።

ርቀቱም የራሱ ቀረጥ ነበረው። ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሚገኝ፣ ጥያቄው ወጥቶና ወርዶ፣ መልሱም እንዲሁ ወጥቶና ወርዶ 144,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ይህ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። አንድ ገጽ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ብቻ ተሟልቶ አይመጣም፤ እያንዳንዱ ሥዕል በየፊናው ይጠየቃል።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997፣ ማለትም አገልግሎቱ በአገራችን በተከፈተበት ወቅት፣ የድር መነጋገሪያ ሥርዓት 1.1ኛ እትም በዓለም አቀፍ ደረጃ ታትሞ ወጣ። እትሙ ስለ መሸጎጫ ሰፊ ደንብ ይዟል። የገጹ ባለቤት ግልባጩ ስንት ሴኮንድ እንዲቆይ፣ በማን እንዲያዝና ከቶ እንዳይያዝ የሚያዝዘው በዚሁ ደንብ መሠረት ነው። ጠባብ መስመር ለያዘ አገር ከዚህ የበለጠ ወቅታዊ ስጦታ አልነበረም።

የስኩዊድ ዘመን

ሕጉን በሥራ ላይ ከሚያውሉት መሣሪያዎች መካከል በሰፊው የታወቀው ስኩዊድ ነው። ሃርቨስት ከተባለ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጥናት የተወለደውን ይህን ሶፍትዌር ዱዌን ዌስልስ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሳድጎታል። ዋጋ አይከፈልበትም፤ በተራ ኮምፒዩተር ላይም ይሠራል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎችና በልዩ ልዩ ድርጅቶች አንድ ቀጭን መስመር ለብዙ ሰው ለሚያካፍሉ አስተዳዳሪዎች ዋነኛ መሣሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢናስፕና የትሪየስተው የፊዚክስ ማዕከል ለታዳጊ አገሮች ያሳተሙት የመስመር ቁጠባ መጽሐፍም ለስኩዊድ ሰፊ ስፍራ ሰጥቶታል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ስኩዊድ በተጠቃሚውና በውጭው ዓለም መካከል ተኪ አገልጋይ ሆኖ ይቆማል። የተጠየቀው ገጽ በዲስኩ ላይ ካለና ትኩስ ከሆነ ወዲያው ያቀርበዋል። ጊዜው አልፎ እንደሆነ ምንጩን «ከዚህ ቀን ወዲህ ተለውጧልን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልተለወጠ 304 የሚል አጭር መልስ ብቻ ይመጣና ግልባጩ ይጸድቃል። ደቀ መዝሙሩ ከቤተልሔም አስመስክሮ እንደሚመለስ ማለት ነው። ምንጩ የጊዜ ገደብ ያልጻፈለት ገጽ ሲያጋጥም ስኩዊድ ከአስተዳዳሪው ሌላ ትእዛዝ እስካልተሰጠው ድረስ ገጹ ሳይለወጥ የቆየበትን ዘመን 20 ከመቶ ያህል እንደ ትኩስ ይቆጥረዋል፤ ከ4,320 ደቂቃ፣ ማለትም ከ3 ቀን ግን አያሳልፈውም። 10 ቀን ሳይለወጥ የቆየ ገጽ በዚህ ስሌት ለ2 ቀን ይታመናል። ዲስኩ ሲሞላም ከሁሉ አስቀድሞ የሚወጣው ለረጅም ጊዜ ጠያቂ ያጣው ነው።

የዚህ ዘመን ቁም ነገር ውሳኔው በቅርብ መደረጉ ነው። ምን እንደሚቀመጥ፣ ትልቁ ፋይል ስንት ሜጋ ባይት እንደሚሆን፣ ከባዱ ጭነት ሌሊት እንዲመጣ፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው የግቢውን ሰው ፍላጎት የሚያውቅ ባለሙያ ነበር። ሥልጣኑ አደራም ነበረበት፤ የስኩዊድ መዝገብ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳነበበ ስለሚያሳይ መዝገቡን የያዘ ሰው የብዙ አንባቢዎችን ምስጢር ይዟል።

የከተማውም ነዋሪ በበኩሉ የራሱን መሸጎጫ ፈጠረ። ሙዚቃና ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ የሚጭኑ የአዲስ አበባ ሱቆች፣ አንድ ጊዜ የመጣውን ለመቶ ሰው የሚያካፍሉ የሠፈር ጎተራዎች ነበሩ። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም። ስኩዊድ የባለቤቱን ትእዛዝ ጠብቆ ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጣል፤ ያለ ፈቃድ የሚባዛ ሥራ ግን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀውን የደራሲውን መብት ይነካል።

ማረፊያ ያጣው ትምህርት

ግልባጭ በቅርብ አለመኖሩ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተሠራጨውን የፕላዝማ ትምህርት ማስታወስ ይበቃል። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት ከማዕከል በተወሰነችው ደቂቃ ይለቀቃል፤ በመላው አገሪቱ ያሉ ክፍሎችም በዚያችው ደቂቃ ይቀበሉታል። መምህሩ ሊያቆመው ወይም ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም። ተማሪው ያልገባው ነገር ቢኖር ሥዕሉ አይጠብቀውም፤ መብራት ቢጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ጣቢያውና ሳተላይቱ፣ በየክፍሉም ትልቁ መስኮት ተሟልቶ ሳለ፣ የጎደለው በትምህርት ቤቱ ውስጥ ቀድቶ የሚያቆይና በመምህሩ እጅ የሚታዘዝ ማስቀመጫ ነበር።

ቁልፉ እጅ ሲለውጥ

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የፋይበር ኦፕቲክ መስመር በአገሪቱ ተዘረጋ፤ ወደ ባሕር ጠረፍ ገመዶችም በጎረቤት አገሮች በኩል መድረስ ተቻለ። መስመሩ ሰፋ። በዚያው ወቅት ግን ሁለት ለውጦች የአስተዳዳሪውን መሸጎጫ ከጥቅም ውጭ አደረጉት።

አንደኛው የምስጢር ቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013ቱ የስለላ መረጃ መጋለጥ በኋላ፣ ይልቁንም በ2015 ነፃ የምስክር ወረቀት መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ አብዛኛው የድር ግንኙነት በምስጢር ተቆለፈ። ተኪው ሊያነበው የማይችለውን ሊያስቀምጠው አይችልም። አንባቢው ከሰላይ ዓይን በመጠበቁ ለውጡ መልካም ነው፤ ዋጋው ግን የጋራው ጎተራ ባዶ መቅረቱ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የይዘት ማድረሻ መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የኤም አይ ቲ ሰዎች የሆኑት ቶም ሌይተንና ዳንኤል ሉዊን አካማይን መሠረቱ፤ ሉዊን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በተጠለፈ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱን አጣ። የእነርሱ ሐሳብ የባለ ይዘቱን ግልባጭ በየአገሩ በተተከሉ ማሽኖች ላይ ማኖር ነበር። በኋላም ጉግል፣ ፌስቡክና ኔትፍሊክስ የየራሳቸውን ማሽን ለቴሌኮም ኩባንያዎች መስጠት ያዙ። ኩባንያው ቦታና መብራት ይሰጣል፤ በውስጡ ምን እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚወጣ ግን የሚያዘው ባለ ማሽኑ ነው። ጎተራው ከደጃፋችን ቢቆምም ቁልፉ ባሕር ማዶ ሆነ።

ከዚህም የተነሣ እንግዳ የሆነ ነገር ይታያል። ብዙ ተመልካች ያለው የባዕድ ፊልም በቅርብ ሲቀመጥ፣ አዲስ አበባ የተጻፈ ጽሑፍ ማደሪያው ውጭ አገር ከሆነ የአብነቱ አንባቢ ጥያቄ ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል፤ መልሱም እንደገና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ይመጣል። ጸሐፊውና አንባቢው በእግር የሚገናኙ ጎረቤታሞች ሊሆኑ ይችላሉ።

ኬንያውያን ይህን ችግር ቀድመው ተመልክተውታል። የአገር ውስጥ መረጃ እርስ በርስ የሚለዋወጥበት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2000 ናይሮቢ ላይ ከፈቱ፤ በቴሌኮም ኬንያ አቤቱታ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ2002 እንደገና ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ከናይሮቢ ወደ ናይሮቢ የሚላክ ደብዳቤ በሳተላይት ባሕር መሻገሩ ቀረ። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛው የቴሌኮም አቅራቢ ሆኖ አገልግሎት በመጀመሩ ጉዳዩ ከቀድሞው ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል።

በሩ ሲዘጋ

በግንቦት 2009 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ምክንያት፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮም ለሦስት ሳምንታት ያህል ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋረጠ። በትግራይ የደረሰው መቋረጥ ከዚህ እጅግ የረዘመ ነበር። ቁልፉ ባሕር ማዶ የሆነ መሸጎጫ እንዲህ ባለ ጊዜ አይጠቅምም፤ ከጌታው ጋር ካልተነጋገረ አይከፈትምና። የሚሠራው በአንድ ግቢ የራስ መረብ ላይ የተቀመጠ፣ በአካባቢው ሰው የሚታዘዝ ግልባጭ ብቻ ነው። ኪዊክስ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር አማካይነት 15,000 ገደማ መጣጥፎች ያሏት የአማርኛ ውክፔዲያ በአንዲት ሚሞሪ ካርድ ላይ ሰፍራ ያለ ኢንተርኔት ትነበባለች። ይህን ለአንድ ትምህርት ቤት ማዘጋጀት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ስለሆነም የሙያ ባልደረቦቻችን ሦስት ነገር ቢያጤኑ መልካም ነው። የመማሪያ መጻሕፍት፣ ነጋሪት ጋዜጣና የጤና መመሪያ በአገር ውስጥ ማደሪያ ይኑራቸው። በአቅራቢዎች መካከል የሚመላለሰው የአገር ውስጥ መረጃ ድንበር ሳይሻገር ይለዋወጥ። መሸጎጫ በተተከለበትም ስፍራ ሁሉ ግልባጩን የሚያመሳክር፣ የአንባቢውን ምስጢር የሚጠብቅ፣ ቁልፉንም በእጁ የያዘ ባለሙያ ይመደብ።

መስመሩ ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ከሚታሰበው በላይ ሰፍቷል። የመንገድ መስፋት ግን ጎተራን አያስቀርም፤ መንገድ የተሠራለት ገበሬም እህሉን ለክረምት ያስቀምጣል። ለልጆቻችን የሚያስፈልገውን እውቀት በቅርብ ማኖርና ቁልፉን መያዝ የእኛው የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው።