ቆጮ፣ ላምና ደን፦ የጌጫ ገበታ ለጤናና ለመሬት ያለው ትርጉም

እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ኢት-ላንሴት በሚል ስም የሚታወቀው ኮሚሽን ለሰው ጤናም ለምድርም ይበጃል ያለውን የአመጋገብ ምክር ይፋ አደረገ። ከ16 አገሮች የተሰባሰቡ 37 ሳይንቲስቶች ያዘጋጁት ይህ ሰነድ አንድ አዋቂ ሰው በቀን 300 ግራም አትክልት፣ 200 ግራም ፍራፍሬ፣ 75 ግራም ጥራጥሬ እንዲመገብ ይመክራል። ለቀይ ሥጋ የመደበው 14 ግራም ገደማ ነው። እንደ ድንችና ካሳቫ ላሉ ስታርች ለበዛባቸው ሥራ ሥሮች ደግሞ 50 ግራም፣ ቢበዛ 100 ግራም ሰጥቷል።

ይህን የመጨረሻ ቁጥር ይዞ ጌጫ የሚገባ የሥነ ምግብ ባለሙያ ምን ሊል ነው? ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚህ ደጋ የገበሬው ቤትና የእንሰቱ ጓሮ ተለያይተው አይታዩም። ገበታውም ከእንሰት የሚገኙት ቆጮና አሚቾ፣ እንዲሁም ጎደሬና ቦዬ ናቸው። 50 ግራም ቆጮ ሁለት ጉርሻ ቢሆን ነው። ምክሩን ቃል በቃል የያዘ ሰው የሸካን ገበሬ «አበላልህ ለአንተም ለምድርም አይበጅም» ሊለው ይገደዳል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ተቃራኒ ነው። የጌጫ ገበታ መሠረቱ ከመሬቱ ጋር የተስማማ ነው፤ ችግሩ ያለው አብሮ በሚቀርበው ማባያ ላይ ነው። ማባያውን ማሟላትና መሠረቱን መለወጥ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ አሁን በከተሞቻችን እየተመረጠ ያለው ሁለተኛው መሆኑ ያሳስበኛል።

እንሰቱ የቆመበት ሥርዓት

ስቲቨን ብራንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት የእንሰት ጥናት፣ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑ የእንሰት ተክሎች ከ5 እስከ 6 ሰው ያለበትን ቤተሰብ ለአንድ ዓመት ሊመግቡ እንደሚችሉ አስልተዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሬት ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ተክሉ በየዓመቱ የሚደርስ ስላልሆነ አንድ ቤተሰብ በተለያየ ዕድሜ ያለ እንሰት ጎን ለጎን ያቆማል፤ እንደዚያም ሆኖ የሚይዘው ቦታ ለእህል ከሚታረሰው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዝናብ ቢዘገይ እንሰት ይጠብቃል፤ ሲቸግር ከወቅቱ በፊት ይቆረጣል። ከተብላላ በኋላ በጉድጓድ ውስጥ በኮባ ተሸፍኖ ለወራት ይቀመጣል፤ ጎተራ አይፈልግም፣ ነቀዝም አያሰጋውም።

ሆኖም እንሰት ብቻውን አይቆምም። የሚኖረው በፍግ ነው፤ ፍጉ ከላም ይመጣል፤ ላሚቱ ደግሞ በበጋ ግጦሽ ሲሳሳ የምትበላው የእንሰቱን ቅጠል ነው። ላም የሌለው ቤት ጓሮው ቀስ በቀስ ይመነምናል። ስለዚህ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚሰማው «ከብት ተው፣ ምድር ትድናለች» የሚል ምክር እዚህ ሲደርስ ትርጉሙ ይገለበጣል። በኢትዮጵያ የአንድ ሰው የዓመት የሥጋ ፍጆታ 10 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ የዓለም አማካይ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። ብዙ የሚበላውን ለመገሠጽ የተጻፈ ምክር ጥቂት የሚበላውን መቅጣት የለበትም።

ከጓሮው ቀጥሎ ደኑ አለ። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ወደ 240,000 ሄክታር የሚጠጋ ስፋት ነበረው። ሸካቾች ኮቦ በሚሉት ልማዳዊ የይዞታ ሥርዓት እያንዳንዱ ቤተሰብ በደኑ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅልበት የታወቀ ድርሻ አለው። ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙና በጥላ ሥር የሚለቀመው ቡና ሁሉ የሚገኙት ዛፉ ከቆመ ነው። ትንሽ ጓሮ ብዙ ሰው ስለሚመግብ ደኑ ለማርና ለቅመም ሊቆይ ችሏል፤ የእንሰት ገበታና የሸካ ደን አብረው የዘለቁት በዚህ ስሌት ነው ብዬ አምናለሁ።

በቆሎና ስንዴ ግን ፀሐይ ይፈልጋሉ። መሬቱ መመንጠር፣ በየዓመቱ መታረስ፣ ከዝንጀሮና ከከርከሮ መጠበቅ አለበት። በደቡብ ምዕራብ ከፍተኛ ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ 40 በመቶ የነበረው ጥቅጥቅ ደን በ1997 ወደ 18 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በገበሬው ገበታ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም፤ የሰፈራ ፕሮግራሞች ነበሩ፣ እንደ ጨዋቃ ሻይና እንደ ገማድሮ ቡና ያሉ ሰፋፊ ልማቶችም በዞኑ መሬት ይዘዋል። ቢሆንም የዕለት ምግብ ከሥራ ሥር ወደ እህል በዞረ ቁጥር የእርሻው ጠርዝ ወደ ደኑ መጠጋቱ አይቀርም።

ገበታው የሚጎድለው

እንሰትን ማመስገን ቀላል ነው፤ ያለበትን ጉድለት መሸፈን ግን ምሁራዊ ሐቀኝነት አይደለም። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ካልሲየምም አለው። ፕሮቲኑ ግን በ100 ግራም ውስጥ 2 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። አዋቂ ሰው በባቄላ፣ በጎመን፣ በአይብ አብሮ ሲበላው ይካካሳል። የሚጎዳው ሆዱ ትንሽ የሆነው ሕፃን ነው፤ በቆጮ ቶሎ ይጠግብና ለማደግ የሚያስፈልገውን ሳያገኝ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአገሪቱ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት የተለያየ ምግብ በበቂ ሁኔታ የሚያገኙት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ደግሞ 38 በመቶ ቀንጭረዋል። እነዚህ ልጆች ጤፍ በሚበላበትም ቆጮ በሚበላበትም አገር አሉ። ሰበቡን በእንሰት ላይ ብቻ መለጠፍ አይቻልም።

መፍትሔው ከጓሮው አይርቅም። በለጋ እንሰት መካከል ቦሎቄና ጎመን መዝራት የቆየ ልማድ ነው። ቦሎቄው ለሕፃኑ ፕሮቲን፣ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ጤናና መሬት በአንድ ዘር ሲገናኙ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጎመኑና ዱባው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ናቸው፤ ሰውነት እንዲቀበላቸው ግን ጥቂት ቅባት ያስፈልጋል። ከቅቤው አንድ ማንኪያ ለሕፃኑ ጎመን ቢውል የዚያ ቤት ጤና ይለወጣል። እንቁላልም እንዲሁ፤ በብዙ ቤት ዶሮ አለ፣ እንቁላሉ ግን ገበያ ይወጣል።

ሁለተኛው ጉድለት አዮዲን ነው፤ ይህን ደግሞ ጓሮው ሊሞላው አይችልም። በሸካ በዓመት ከ1,800 እስከ 2,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል። ደኑን ያለመለመው ይኸው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል፤ በዚያ አፈር የበቀለ ምግብም፣ ያንን የበላ ከብትም አዮዲን የለውም። ጥሬ ጎመንና በደንብ ያልተዘጋጀ ካሳቫ ችግሩን ያብሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ሕፃናት ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት ነበረባቸው፤ በዝናባማው ደቡብ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጥ ነበር። አዮዲን ያነሰው ሕፃን በአንገቱ ብቻ ሳይሆን በአእምሮውም ይጎዳል። «ሁሉም ምግብ ከአካባቢው ይሁን» የሚለው ሐሳብ በዚህ ነጥብ ላይ ይሸነፋል። የሸካ ሰው ጤና ከአፋር፣ ከአፍዴራ በሚመጣ ጨው ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ጥንትም አሞሌ እስከዚህ አገር ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። ቤት ውስጥ ግን በክፍት ዕቃ እሳት አጠገብ የሚቀመጥ ጨው አዮዲኑን እያጣ ይሄዳል። ክዳን ባለው ዕቃ ማኖርና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ምንም ወጪ የለውም።

ሦስተኛው ጉድለት ብረት ነው፤ የቡና አገር ጉዳይ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ሙከራ እንዳሳየው ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት በ39 በመቶ ቀንሶታል፤ ሻይ በ64 በመቶ። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አልታየም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር ከተጠጣው እኩል ነው የከለከለው። የእኛ ልማድ ደግሞ በልቶ ቡና መጠጣት ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2016 ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 57 በመቶ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ቡናን ተዉ የሚል ሰው ጌጫን አያውቃትም። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ግን ቡናው ከምግብ በፊት ቢሆን፣ ወይም ከምግብ በጣም ቢርቅ፣ ዋጋ ያለው ምክር ነው።

ከሱቅ የሚገባው

ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ ሲወረድ፣ አሁን አሁን ጌጫም ላይ፣ ሱቁ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ብስኩት፣ ለስላሳና የፓልም ዘይት ይሸጣል። ለዚህ ለውጥ አንዱ ምክንያት ክብር ነው። ቆጮ የገጠር ምግብ፣ ጎደሬ የድሃ ምግብ ተብሎ ይናቃል፤ እንግዳ ሲመጣ እንጀራ ይፈለጋል። ሰውን በሚበላው መመዘን በዚህ አገር አሮጌ በሽታ ነው፤ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን በሚበሉት እየተሳበበ ለዘመናት ከማዕድ ተገልለዋል። ያ በደል ሳይሽር ሌላ የንቀት እርከን መጨመር አይገባም።

ሌላው ምክንያት የሴቶች ድካም ነው፤ ይህንን ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ግንዱን መፋቅ፣ ሥሩን መከትከት፣ መጭመቅ፣ መቅበር፣ ማገላበጥ ሁሉ በሴት ጀርባ ላይ የወደቀ ነው። ፓስታ በ15 ደቂቃ ይበስላል። እንሰት ይኑር የሚል ሰው መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያ ወደ እያንዳንዱ ቀበሌ እንዲደርስ ካልጮኸ የሌላውን ጉልበት በነፃ እየጠየቀ ነው።

የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ሥርን የሚጎዳው ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ከሚከሰተው ሞት 39 በመቶው እንደ ልብ ሕመም፣ ስኳርና ካንሰር ባሉ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች መሆኑን ገምቷል። ዘይቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው፤ እዚያም ለዘንባባ እርሻ ደን ተመንጥሯል። የሸካን ዛፍ ሳይነካ የሌላ አገር ዛፍ በድስታችን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲው ወንዳወቅ አበበ የተሳተፈበት ጥናት እንሰት በአፍሪካ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ሰዎችን ሊመግብ እንደሚችል አመልክቷል። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ አወጣ። ሁለቱን ማገናኘት የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲና የወረዳ ባለሙያዎች ሥራ ነው። የግብርናው ባለሙያ አጠውልግ የተባለው የእንሰት በሽታ በቢላ እንደሚተላለፍና ቢላው በእሳት መለብለብ እንዳለበት ያስተምር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያው ጓሮ ቆማ ስለ ቦሎቄው፣ ስለ እንቁላሉና ስለ ጨው ዕቃው ትናገር። እስከ ዛሬ አንዱ ስለ ኩንታል፣ ሌላዋ ስለ ክትባት እያወሩ በአንድ ደጃፍ ተላልፈዋል።

እንሰት ተተክሎ ለመብል እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ዛሬ ጌጫ ላይ የተወለደች ሕፃን ትምህርት ቤት ስትገባ የምትበላው ቆጮ ዘንድሮ መተከል አለበት።