ባለ አደራዪቱ፤ የቲምቡክቱ ስያሜ ሐተታ

በምዕራብ አፍሪቃ፣ የኒጄር ወንዝ ወደ ሰሜን ሲገሰግስ ቆይቶ ከታላቁ ምድረ በዳ ጫፍ ሲደርስ ወደ ምሥራቅ በሚታጠፍበት አውራጃ፣ ከወንዙ ጥቂት ገለል ብላ በአሸዋ ክምር መካከል የተቀመጠችው ቲምቡክቱ፣ ራሷን ካዩት ይልቅ ስሟን የሰሙት እጅግ የበዙ ከተማ ናት። ስሙን የሰማ ሁሉ ደግሞ ትርጓሜውን ለመናገር አይሰንፍም። «ቲን ማለት የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ቡክቱም ጉድጓዱን ትጠብቅ የነበረች እምብርቷ የገፋ አሮጊት ናት፤ ስለዚህ ቲምቡክቱ የቡክቱ ጉድጓድ ማለት ነው» የሚለውን ብሂል መንገድ መሪው ለእንግዳ፣ እንግዳውም ተመልሶ ለአገሩ ልጅ ሲያወርሰው፣ አልፎ ተርፎም በከተማዪቱ ቤተ መዘክር ግቢ የቡክቱ ጉድጓድ ይኸውላችሁ ተብሎ ለጎብኚ ሲታይ፣ ነገሩ ከተረትነት ወጥቶ ምስክር ያለው እውነት መስሏል። እኔ ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር ትዕግሥቴ ስለሚያልቅ፣ የመሰለኝን በጽሑፍ ላኖር ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። የምድረ በዳው ዘላኖች የቱዋሬጎች ልሳን በሆነው በታማሼቅ የውሃ ጉድጓድ «አኑ» ይባላል እንጂ «ቲን» አይባልም። «ቲን» እንደ እኛ «የ» ያለ አገናዛቢ ሲሆን፣ በአንስታይ ጾታ ስለሚነገር «ባለ እንዲህ ያለችው» ለማለት ይገባል። የአሃጋር ቱዋሬጎች የትውልዳችን እናት ናት የሚሏት ንግሥት ቲን ሂናን ትባላለች፤ ፍችውም «ባለ ድንኳኖቿ» ማለት ነው። ቲን ጉድጓድ ከሆነ እንግዲህ ያቺን የተከበረች እመቤት «የድንኳን ጉድጓድ» እያልን ልንጠራት ነው! ደግሞም ተራኪዎቹ «ቡክቱ»ን በአንድ አፍ የሴቲቱ የተጸውዖ ስም ያደርጉትና በዚያው አፍ «እምብርት» ብለው ይፈቱታል፤ አንድ ቃል በአንድ ጊዜ የሰው ስምም የሰውነት ክፍልም ሆኖ እንዲያገለግል መፍቀድ ለሰሚ ደስ ያሰኝ እንደ ሆነ እንጂ የትርጓሜ ሥርዓት አይደለም።

ለመሆኑ የአገሩ ሊቅ ምን አለ? ዐብዱረሕማን አስ-ሰዕዲ በ1594 ዓ.ም. በዚያችው በቲምቡክቱ የተወለደ ነው፤ ይህም የሞሮኮ ሠራዊት በቶንዲቢ የሶንጋይን መንግሥት በሰበረ በ3ኛው ዓመት መሆኑ ነው። የቀደሙት አባቶች በጉባኤያቸው የነገሥታትንና የሊቃውንትን ዜና ሲጫወቱ ይውሉ እንደ ነበረ፣ ያም ትውልድ እንዳለፈና ዕውቀቱ አብሮ ሊጠፋ እንደ ሆነ አይቶ፣ «ታሪኽ አስ-ሱዳን» የተባለውን መጽሐፍ እስከ 1655 ዓ.ም. ድረስ ያለውን ነገር እየጨመረ ጻፈ። እንግዲህ ከሽማግሌ እንስማ ካልን ሽማግሌው እርሱ ነው።

እርሱ እንደሚለው፣ መግሸረን የተባሉት ቱዋሬጎች በሒጅራ 5ኛው ምእት ማለቂያ፣ ማለትም በ1100 ዓ.ም. ገደማ፣ በበጋ ወራት ከብቶቻቸውን ለማሰማራት ወደ ወንዙ ዳር ይወርዱ፣ ወራቱ ሲለወጥም ወደ ሰሜን ወደ አራዋን ይመለሱ ነበር። በኋላም በውሃ የሚመጣውና በየብስ የሚመጣው መንገደኛ የሚገናኝበትን ይህን ስፍራ መርጠው የዕቃቸውና የእህላቸው ማከማቻ አደረጉት፤ ጠባቂ አድርገው ያኖሩትም ቲንቡክቱ የተባለች አገልጋያቸውን ነበር። ስሟ በልሳናቸው «ባለ እብጠቷ» ማለት እንደ ሆነና ያ ቡሩክ ስፍራ በእርሷ እንደ ተሰየመ ሰዕዲ ያስረዳል። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ጉድጓድ የሚል ቃል የለም። ዕቃ አለ፣ እህል አለ፣ ጠባቂ አለች። እምብርቱም ከእብጠቱ የበቀለ የጨዋታ ወዳዶች ጭማሪ ሳይሆን አይቀርም።

የምድሩም ጠባይ ይህን ይደግፋል። በጊኒ ደጋ በክረምት የወረደው ዝናብ በማሲና ረግረግ ተንጣልሎ ወራት ስለሚፈጅ፣ የወንዙ ሙላት ለቲምቡክቱ የሚደርሰው ሰማዩ በደረቀበት በታኅሣሥና በጥር ገደማ ነው፤ ከጄኔ ከተማ እህል የጫነችውም ጀልባ እስከ ካባራ ወደብ በደኅና የምትደርሰው ውሃው ሲሞላ ነው። የጨው አሞሌ የተሸከመው የግመል ጉዞ ደግሞ በራሱ ወራት ከምድረ በዳው ይወጣል። ጀልባና ግመል ቀጠሮ አክብረው የማይገናኙበት አገር፣ አንዱ ያመጣውን ሌላው እስኪመጣ የሚያቆይ ታማኝ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ስፍራው በጠባቂዪቱ ስም መጠራቱ አያስደንቅም።

ሌሎቹን ትርጓሜዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ባርት፣ የሰዕዲን መጽሐፍ በ1853 ዓ.ም. በጓንዱ አግኝቶ በትጋት የገለበጠ፣ ነገር ግን የሌላው የቲምቡክቱ ሊቅ የአሕመድ ባባ ድርሰት ነው ብሎ በደራሲው ማንነት የተሳሳተ ሊቅ ነው፤ እርሱም የስሙ ጥንታዊ መልክ በሶንጋይ ልሳን «ቱምቡቱ» ነበር፣ ጎድጓዳ ስፍራ ማለት ነው፣ የ«ክ» ድምፅ በኋላ የገባ ነው ይላል። ይሁን እንጂ መንገደኛው ኢብን ባቱታ በ1353 ዓ.ም. ከተማዪቱን አይቶ «ቱንቡክቱ» ብሎ ሲጽፋት «ክ»ው በቦታው ነበረ፤ ከነዋሪዎቿም የሚበዙት ፊታቸውን የሚከናነቡ የመሱፋ በርበሮች እንደ ነበሩ ይመሰክራል። ሶንጋዮች ከተማዪቱን የያዙት ደግሞ በ1468 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ስሙ ከሶንጋይ ልሳን መውጣቱ ያጠራጥራል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ሬኔ ባሴ ስሙን «መራቅ፣ መሰወር» ከሚል የበርበር ግሥ ያወጣዋል፤ ይህ እንኳ የቋንቋ ሥርዓት ያለው ግምት ስለ ሆነ አልነቅፈውም። የታሪክ ሊቁ ሴኬኔ ሞዲ ሲሶኮ ግን «የትንንሽ የአሸዋ ክምሮች ስፍራ» ይለዋል፤ አሸዋ በሌለበት አገር ቢሆን ባመንሁት ነበር፤ በዚያ ምድር ግን በአሸዋ ክምር ስም ማውጣት በባሕር ላይ ጠብታን እንደ መሰየም ነው።

ከኢብን ባቱታ ወደ ኋላ ስንሄድ የሚቀረን የሽማግሌው የሰዕዲ ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስሙ አልተቋረጠም፤ በ1375 ዓ.ም. የተሠራው የካታላን ካርታ «ቴንቡች» ብሎ መዘገበው፤ ፈረንሳዊው ሬኔ ካዬም ይህንኑ ስም ተከትሎ በ1828 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ደርሶ የወርቅ ከተማ ሲጠብቅ የጭቃ ቤቶች ቢያገኝ አዝኖ ተመለሰ።

ካዬ ያላየው ሀብት በየቤቱ ሣጥን የተቀመጠው የብራናና የወረቀት መጽሐፍ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ታጣቂዎች ከተማዪቱን ይዘው የቅዱሳኑን መካነ መቃብር ሲያፈርሱ፣ ከአባት ከአያታቸው የተቀበሉትን ጽሑፍ የሚጠብቁ ቤተሰቦችና የቤተ መጻሕፍት ሰዎች በብረት ሣጥን እየሸሸጉ፣ ሌሊት በመኪናና በጀልባ ወደ ማሊ ዋና ከተማ ወደ ባማኮ አሻገሩት። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ስለ ባለ እብጠቷ አገልጋይ ያሰበ መኖሩን አላውቅም፤ የሠሩት ሥራ ግን የእርሷው ሥራ ነበር። ስለዚህ ወደ ቤተ መዘክሩ ግቢ የሚገባ መንገደኛ፣ መሪው ጉድጓዱን ባሳየው ጊዜ ይቅርታ ይጠይቅና፣ «ዕቃውስ የተቀመጠው የት ነበር?» ይበለው።