መታ መታ፦ ከአንቀልባ እስከ «የቢራቢሮ እቅፍ»

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ፣ ዛሬ እናትና አባት የሆናችሁት ሰሞኑን አንድ ዓይነት ቪዲዮ እየላካችሁ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ይሠራል?» ትሉኛላችሁ። ልጅ ሲጨነቅ ግንባሩን፣ ከዓይኑ ሥርና ደረቱን በጣት ጫፍ መታ መታ ማድረግ ነው ነገሩ። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው፤ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ።

የራሳችን ቤት ይቀድማል። እናቶቻችን ልጅ ሲያለቅስ በአንቀልባ አዝለው፣ «እሹሩሩ» እያሉ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደዱ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉት ነበር። ኦሮምኛ ተናጋሪዋ የሱሉልታ እናትም ኡሩርሳዋን እያዜመች ያንኑ ታደርጋለች። ቋንቋው ይለያያል፤ እጁ አንድ ነው።

በባሕር ማዶ ነገሩ ስም ያገኘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ሮጀር ካላሃን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ውኃ የምትፈራ ታካሚውን ከዓይኗ ሥር መታ መታ በማድረግ ፍርሃቷን እንዳስለቀቃት ተናገረ። ነጥቦቹን የወሰደው ከቻይናውያን የአኩፓንክቸር ሕክምና ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ ጋሪ ክሬግ የተባለ ምህንድስና የተማረ ሰው ዘዴውን አቅልሎ ለሕዝብ አሰራጨው። የምትልኩልኝ ቪዲዮ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ታዲያ ነጥቦቹ ምሥጢር አላቸው? ካናዳ ውስጥ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈትሾ ነበር። አንዳንዱን ተማሪ «ትክክለኛውን» ነጥብ፣ አንዳንዱን ክንዱን፣ አንዳንዱን ጭራሽ አሻንጉሊት አስመቱት። የሦስቱም ፍርሃት ቀነሰ፤ ምንም ያላደረጉት ግን አልቀነሰላቸውም። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ቁም ነገሩ ያለው ቦታው ላይ ሳይሆን በዝግታው፣ በእስትንፋሱና አብሮ በተቀመጠው ሰው ላይ መሆኑን ነው። ይህንን እናቶቻችን ያውቁት ነበር።

ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ፓውሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የሜክሲኮዋን አካፑልኮ ከተማ መታ። ከአደጋው የተረፉ ሕፃናትን ስትረዳ የነበረችው ሉሲና አርቲጋስ፣ ልጆቹ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቀኝና ግራ እያፈራረቁ በቀስታ ራሳቸውን መታ መታ እንዲያደርጉ አስተማረች። «የቢራቢሮ እቅፍ» ተባለ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ የተሰጠው ከሠለጠኑ ባለሙያዎች ክትትል ጋር ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት በገባ በቀናት ውስጥ፣ ቡራዩና አካባቢው ላይ የደረሰውን አልረሳነውም። ሰው ሞተ፤ ሺዎች ተፈናቅለው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ሕዝቡ ምግብና ብርድ ልብስ ይዞ ወጣ፤ እግዜር ይስጠው። ፍርሃት ግን በብርድ ልብስ አይሸፈንም። ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው።

ስለዚህ መልሴ ይሄ ነው። ለፈተና፣ ለጨለማ፣ ለመጀመሪያ የትምህርት ቀን ፍርሃት መታ መታው ጉዳት የለውም፤ አብራችሁት ተቀመጡ፣ ቀስ ብሎ ይተንፍስ። ነገር ግን ክፉ ነገር ያየ ልጅ ሌሊት እየጮኸ ከነቃ፣ ዝም ካለ፣ ትምህርት ከጠላ፣ ቪዲዮ አይበቃውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለእንዲህ ያሉ ልጆች የሚመክረው በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። «አማኑኤል ይግባ» የምትለዋ ቀልዳችን ስንቱን ወላጅ ከሐኪም ደጅ እንዳስቀረች አስቡት። እሷን እንተዋት።

እስቲ እናንተ ቤት ልጅ ሲፈራ ምን ይደረግ ነበር? አያቶቻችሁን ጠይቁና ጻፉልኝ። ሰላም ዋሉ።