የሕፃናት የመኪና መቀመጫ በአየር ማረፊያ ጉዞ

የሕፃናት የመኪና መቀመጫ፣ በአሜሪካ ያሉ ሐበሾች «ካር ሲት» የሚሉት፣ ትንሽ ልጅ በግጭት ጊዜ ከቦታው እንዳይወረወር በማሰሪያ አጥብቆ የሚይዝ መቀመጫ ነው። ራሱ መቀመጫው በመኪናው ወንበር ላይ በቀበቶ ወይም በብረት ማያያዣ ይታሰራል። ብዙ አገሮች በግል መኪና ለሚጓዝ ልጅ ግዴታ አድርገውታል። ያው ልጅ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ግን ግዴታው በብዙ ቦታ ይቀራል ወይም ይላላል። ቤተሰብ ከነሻንጣውና ከነሕፃኑ ታክሲ የሚይዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፕላን ሲወርድ ነው። ስለዚህ ሕጉ ክፍተት የተወው ወላጅ በረጅም በረራ በደከመበት፣ መንገዱንም በማያውቅበት ሰዓት ላይ ነው።

ዓይነቶቹ

ጨቅላዎች ፊታቸውን ወደ መኪናው ኋላ አዙረው በሚቀመጡበት መቀመጫ ይጓዛሉ። ከፍ ሲሉ ፊታቸውን ወደ ፊት ያዞራሉ። ከዚያ በኋላ የአዋቂ ቀበቶ በአንገታቸው ሳይሆን በትከሻቸው እንዲያልፍ ከፍ የሚያደርግ መደገፊያ ይሰጣቸዋል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት ባለሥልጣን እንደሚለው፣ በትክክል የታሰረ መቀመጫ ከ1 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሞት አደጋ በ71 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉትን በ54 በመቶ ይቀንሳል።

ክንድ ለምን አይበቃም

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ግማሽ ሜትር ያህል ተጨፍልቆ ቢቆም፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ከክብደቱ 20 እጥፍ ገደማ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ላቀፈው ክንድ 200 ኪሎ ይሆንበታል። ይህን የሚይዝ ጉልበት ያለው እናትም አባትም የለም። እናት ቀበቶውን በራሷና በልጇ ላይ አንድ ላይ ስታስር ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ የራሷ ክብደት ሕፃኑን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል። ይህ ብዙዎች እንደ ጥንቃቄ የሚቆጥሩት ልማድ በመሆኑ ሊደጋገም የሚገባው ነጥብ ነው።

የመጀመሪያው ማን ነው?

የመቀመጫውን ፈጣሪ በተመለከተ ምንጮች አይስማሙም። አለመስማማቱ የመነጨው «መቀመጫ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ካለመለየት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ለገበያ የቀረቡ የልጅ ወንበሮች ነበሩ፤ በ1933 ባኒ ቤር የተባለ ኩባንያ ያወጣው ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። የእነዚያ ወንበሮች ዓላማ ግን ልጁን ከፍ አድርጎ ሾፌሩ እንዲያየውና ልጁም በመስኮት እንዲያይ፣ በመኪናው ውስጥም እንዳይንቀዠቀዥ ማድረግ ነበር። ከግጭት ያድናሉ ተብለው አልተሠሩም፤ አንዳንዶቹ በወንበሩ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠሉ ብቻ ነበሩ።

ደኅንነትን አስበው የተነሡት በ1962 አካባቢ ብቅ አሉ፤ ክርክሩም እዚህ ይከርራል። የአሜሪካ ጸሐፊዎች የኮሎራዶውን ሌናርድ ሪቭኪን ያስቀድማሉ። የብሪታንያዎቹ በዚያው ዓመት ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረና የዋይ ቅርጽ ባለው ማሰሪያ የሚታሰር መቀመጫ የነደፈችውን ጂን ኤምስን ያነሣሉ። ስዊድናውያን ደግሞ የሐኪሙን የበርቲል አልድማንን ስም ይጠራሉ። አልድማን የአሜሪካ ጠፈርተኞች በጀርባቸው ተንጋለው የመንኮራኩሩን ግፊት በመላ ጀርባቸው እንደሚቀበሉ ተመልክቶ፣ ያንኑ ለሕፃናት እንዳዋለው ይነገራል። ቮልቮ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረውን የሕፃን መቀመጫ መሞከር የጀመረው በ1964 ነው።

ማን ቀደመ የሚለው ባይቋጭም፣ የማን ሐሳብ ጸና ለሚለው መልስ አለ። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱም ገና ያልጠና ነው። ፊቱ ወደ ኋላ ሲዞር የግጭቱን ኃይል ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው በአንድነት በመቀመጫው ድጋፍ ላይ ይቀበሉታል። ዛሬ የብዙ አገር ሕግ ጨቅላን ወደ ኋላ አዙሩ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የቴነሲ ሕግና «የታቀፈ ልጅ»

ወላጅን የሚያስገድድ የመጀመሪያው የአሜሪካ ግዛት ሕግ የቴነሲ ነው። ከሕጉ ጀርባ የነበሩት በመርፍሪስቦሮ ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሮበርት ሳንደርስ ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው እንደራሴዎችን አንድ በአንድ ወተወቱ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ሕጉ በ1977 ጸድቆ ከጃንዋሪ 1978 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ሕጉ ያለፈው ግን ቀዳዳ ይዞ ነው። አንዳንድ እንደራሴዎች፣ እናት ልጇን እንዳታቅፍ መከልከል ከመንግሥት ሥልጣን በላይ ነው ብለው ስለተሟገቱ፣ በአዋቂ የታቀፈ ልጅ ከግዴታው ነፃ እንዲሆን የሚያደርግ ማሻሻያ ገባበት። ሳንደርስ ይህን ማሻሻያ «ሕፃን ጨፍላቂ» እያሉ ሲቃወሙት ቆይተው በ1981 ተሰረዘ። በ1985 ሃምሳዎቹም ግዛቶችና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን የየራሳቸው ሕግ ነበራቸው።

ይህ ታሪክ እዚህ በስፋት የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቴነሲ የሰረዘው ሐሳብ በታክሲ ሕጎች ውስጥ ዛሬም አለ። ለታክሲ ነፃነት የሚሰጠው ምክንያት የአሠራር አመቺነት ነው፤ አንድ ሾፌር ለየዕድሜው የሚሆን መቀመጫ ሁሉ ጭኖ ሊዞር አይችልም። ምክንያቱ ለሾፌሩ እውነት ነው። ለልጁ ግን ታክሲም ሆነ የአጎቱ መኪና ግጭቱ አንድ ነው።

የታክሲ ነፃነት በየአገሩ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኞች የሚያርፉበት የዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በቨርጂኒያ ግዛት ነው። በቨርጂኒያ ሕግ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ በመቀመጫ መታሰር አለበት፤ ኃላፊነቱም የሾፌሩ ነው። ከጁላይ 2019 ወዲህ ደግሞ ልጁ 2 ዓመት እስኪሞላው፣ ወይም አምራቹ ወደ ፊት ለመዞር የወሰነው ዝቅተኛ ክብደት ላይ እስኪደርስ፣ ፊቱ ወደ ኋላ መሆን ይገባዋል። የመጀመሪያ ጥፋት 50 ዶላር ያስቀጣል። ታክሲና ሊሞዚን ከዚህ ነፃ ናቸው።

ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ ግን ከዳለስ የሚወጣው በታክሲ ሳይሆን በዘመድ መኪና ነው። አያት፣ እናት፣ ሕፃንና ተቀባይ ዘመድ በአንድ መኪና ሲሞሉ፣ ያ መኪና የግል ነውና ሕጉ ሙሉ በሙሉ ይመለከተዋል። ስለዚህ ለአቀባበል የሚሄድ ዘመድ ከአበባው በፊት መቀመጫውን ማሰብ አለበት። ለዚህ ሲባል ከጓደኛ የሚዋሱት መቀመጫ ችግር ሊያመጣ ይችላል፤ አብዛኞቹ በላያቸው የተጻፈ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ አላቸው፣ ከባድ ግጭት ያየ መቀመጫም ዳግም ሥራ ላይ አይውልም። በአሜሪካ በብዙ ከተሞች የሠለጠኑ ባለሙያዎች የመቀመጫውን አስተሳሰር በነፃ ያያሉ።

በኒው ዮርክ ከተማ ከ7 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በታክሲ ውስጥ በአዋቂ ጭን መቀመጥ ይፈቀድለታል። ሾፌሩ መቀመጫ የማቅረብ ግዴታ የለበትም፤ ቤተሰቡ የራሱን ይዞ ከመጣ ግን እንዲያስር ሊፈቅድለት ይገባል። ኡበር በዚችው ከተማ ከ2014 ጀምሮ መቀመጫ የተገጠመላቸው መኪኖችን በ10 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ አቅርቧል። ያ የመጀመሪያው መቀመጫ ፊቱን ወደ ፊት ያዞረ፣ ቢያንስ 12 ወር ለሞላው ልጅ ብቻ የሚሆን ነበር። አራስ ይዞ ለሚመጣ መንገደኛ አልጠቀመም።

በብሪታንያ ልጅ 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ መቀመጫ ያስፈልገዋል። በታክሲ ውስጥ መቀመጫ ከሌለ ከ3 ዓመት በታች ያለው ልጅ በኋላ ወንበር ያለ ቀበቶ እንዲጓዝ ይፈቀዳል፤ 3 ዓመት የሞላው የአዋቂ ቀበቶ ያስራል። ትንሹ ልጅ ከትልቁ ያነሰ ጥበቃ ያገኛል ማለት ነው።

ጀርመን የተሻለ መንገድ መርጣለች። ታክሲ ከ9 ኪሎ በላይ ለሆኑ እስከ ሁለት ልጆች የማሰር ግዴታ አለበት፤ ቢያንስ አንዱን ከ9 እስከ 18 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ማሰር መቻል ይኖርበታል። እዚህም ግን ከ9 ኪሎ በታች ያሉት ጨቅላዎች ከግዴታው ውጭ ቀርተዋል። ሕጎቹ በየአገሩ ቢለያዩም፣ ክፍተቱ በብሪታንያም በጀርመንም በጣም ትንንሾቹ ላይ መውደቁ ያሳስባል።

የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ከጁላይ 2017 ጀምሮ ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መቀመጫ ግዴታ አድርጋለች፤ ቅጣቱ 400 ድርሃም ነው።

ባቡር

በባቡር መቀመጫ አያስፈልግም። የዋሽንግተን ሜትሮ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ዳለስ ይደርሳል፤ በሂትሮው፣ በፍራንክፈርትና በቴል አቪቩ ቤን ጉሪዮንም ባቡሩ አየር ማረፊያው ድረስ ይገባል።

መቀመጫውን ይዞ መጓዝ

የራሱን መቀመጫ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ የታክሲን ሕግ ማወቅ ብዙም አያስጨንቀውም። ለአሜሪካ ገበያ በተሠራ መቀመጫ ላይ በቀይ ፊደል ለመኪናም ለአውሮፕላንም የተፈቀደ መሆኑ ከተጻፈ፣ ለልጁ የራሱ ቲኬት ተቆርጦለት በአውሮፕላኑ ወንበር ላይ ሊታሰር ይችላል። ከፍ ማድረጊያ መደገፊያ ግን የአዋቂ የትከሻ ቀበቶ ስለሚፈልግ በበረራ ላይ አይውልም። «ኬርስ» የተባለው፣ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የሚሆነው ማሰሪያ በተቃራኒው ለአውሮፕላን ብቻ ነው፤ መኪና ውስጥ መጠቀም አይፈቀድም።

የአገር ልዩነትም አለ። በአንዱ አገር ሕጋዊ የሆነው መቀመጫ በሌላው ላይሆን ይችላል፤ የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የካናዳ መለኪያዎች የተለያዩ ናቸው። ካናዳ የራሷ የደኅንነት ምልክት የሌለበትን አትቀበልም፣ ከጎረቤት አሜሪካ የመጣ ቢሆንም። ከአዲስ አበባ ወደ ቶሮንቶ የሚሄድ ቤተሰብ መቀመጫውን እዚያው ቢገዛ ወይም ተቀባዩ ዘመድ ቢያዘጋጅለት ይሻለዋል።

በታክሲ ውስጥ በፍጥነት ለማሰር አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩ የአሜሪካ መኪኖች በብዙዎቹ የተሳፋሪ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲለቀቅ እየጠበቀ ይቆልፋል። መቀመጫው ቀበቶ በሚያልፍበት ቦታ ተይዞ ሲነቀነቅ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ወፍራም ጃኬት ልጁ ከመታሰሩ በፊት ይወልቃል፤ በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ሲጨመቅ ማሰሪያው ይላላል። በክረምት ዳለስ የሚደርስ ልጅ ከታሰረ በኋላ ጃኬቱ ወይም ጋቢው ከላይ ይደረብለታል።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ ሕፃንን ታቅፎ ወይም በጭን ይዞ በታክሲ መጓዝ የተለመደ ነው። ከውጭ መቀመጫ ይዘው ቦሌ የሚደርሱ ቤተሰቦች በመጀመሪያ የሚገጥማቸው ጥያቄ የቀበቶ ነው። በአሮጌ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶው በጭን ብቻ የሚያልፍ፣ በሌላው ደግሞ ጨርሶ የሌለ ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ የሚዞሩ ብዙ የጨቅላ መቀመጫዎች በጭን ቀበቶ ብቻ ይታሰራሉ፤ የትልልቆቹ ከፍ ማድረጊያ ግን የትከሻ ቀበቶ ይፈልጋል። ስለዚህ ሻንጣ ከመጫኑ በፊት የኋላውን ወንበር ከፍቶ ማየት፣ ቀበቶ ከሌለውም ሌላ መኪና መጠየቅ ይገባል።